ሐምዛ የተረጎመው ኩንግፉ

ነስሮ የሃይላንዱን ጠርሙስ በሁለት እጁ አንስቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሰሚራ አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ውሃው አረንጓዴም አይደለም፣ ቡናማም አይደለም፤ ሁለቱ ተጣልተው እዚያው ጠርሙስ ውስጥ የቀሩ ነው የሚመስለው። ላዩ ላይ አረፋ ሰፍሯል። አረፋው ላይ ደግሞ አንዲት ዝንብ እግሮቿን ወደ ሰማይ ሰቅላ ተንሳፋለች።

«ዝንቧንም ልጠጣት?» አለ ነስሮ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ገና አልበቀሉም።

«አቦ አውጣት እንጂ» አለ ሐምዛ ከላይኛው ነደባ ላይ ተደላድሎ። «መምህሩ ስለ ዝንብ ያለው ነገር የለም።»

ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ሳሎን ደረጃ በደረጃ የተሠራ መደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ማን የት እንደሚቀመጥ ከጥንት የታወቀ ነው፦ ትልቅ ሰው ከላይ፣ ልጅ ከታች። የሐምዛ አያት እማማ ሩቂያ ከምሳ በኋላ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬና እርድ ሊሸጡ ሲወጡ ግን ቤቱ የኩንግፉ ትምህርት ቤት ይሆናል። ወለሉ ላይ ነጭ ቀበቶ፣ የመጀመሪያው ነደባ ላይ ቢጫ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ። የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት ከፍተኛው ነደባ የጥቁር ቀበቶ ነው፤ እዚያ ላይ የሚወጣው ደግሞ በአሥራ አራት ዓመቱ አንድ ሰው እንኳ በጥፊ መትቶ የማያውቀው ሐምዛ ብቻ ነው።

ትምህርቱ የሚመጣው ከቴሌቪዥን ነው፤ በዲሽ ከሚገባ ዐረብኛ ከሚያወራ የልጆች ቻናል። እንደ ኒንጃ የለበሱ ልጆች ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰው ሲገለብጡ፣ ጥርስ ሲያረግፉ፣ በግድግዳ ላይ ሲሮጡ ይቆያሉ። መጨረሻ ላይ ጢሙ እምብርቱ የደረሰ መምህር ብቅ ይልና ተመልካቹን አንድ የእግር ምት ያስተምራል። ከዚያ ፈገግ ብሎ ምክር ይሰጣል። ሰሚራን ይህ ሰውዬ ገና ብቅ ሲል ይቀፋታል። አሁን አሥር ሰው ዘርሮ ሲያበቃ «ልጆቼ፣ ጠብ ጥሩ አይደለም» ብሎ ጥርሱን ያሳያል።

ስድስቱ ተማሪዎች ዐረብኛ የሚያውቁት ከቁርአን ቤት ነው፤ ይቀሩታል እንጂ ሲወራ አይገባቸውም። ሐምዛም እንደ እነሱ ነው። እሱ ግን «ይገባኛል» ብሏል። ይህ ልጅ ደግሞ አንዴ ካለ አለ ነው። ባለፈው ክረምት ሐኪም ጋራ ላይ ከጅቦች ጋር ኳስ ገጥመን ሦስት ለሁለት አሸነፍን ብሎ ሰፈሩን ያሳመነ ነው። ሁለተኛዋ የጅቦቹ ጎል ኦፍሳይድ ነበረች ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

ለትርጉሙ ግን ምስክር ያስፈልገው ነበር። ምስክሯ ሰሚራ ናት። ጂዳ ተወልዳ እስከ አሥር ዓመቷ ያደገችው እዚያ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የሚለው አንዲት ቃል አታመልጣትም።

መምህሩ ከትናንት ወዲያ ያለው «ልጆቼ፣ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ» ነበር። በቃ፤ ሌላ ምንም አላለም።

«መምህሩ ምን አለ፣» ብሎ ጀምሮ ነበር ሐምዛ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ «የገረባ ውሃ ሰባት ቀን የጠጣ ሰው ሆዱ ብረት ይሆናል። በቡጢ የመታው ሰው የራሱ እጅ ነው የሚሰበረው። ሰሚራ፣ እንዲህ አይደል ያለው?»

ሰሚራ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ዛሬም ሲጠይቃት እንዲሁ ነቀነቀች፤ ይህን ትርጉም ስትመሰክር ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ገረባ ቃሚ ቀንበጡን ለቅሞ የሚጥለው የጫት ቅጠልና እንጨት ነው። ጫት ተራው ጀርባ ክምር ሆኖ ይሸታል። ፍየል ይበላዋል፤ በልቶም እዚያው ላይ የፍየል ነገሩን ያደርጋል። ሐምዛ ከዚያ ክምር ሥር፣ የበሰበሰውን መርጦ አምጥቶ ነው የዘፈዘፈው።

ነስሮ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። ግማሽ ጠርሙስ። አፉን በእጅጌው ጠረገና የዕለቱን ምት ለማሳየት ተነሣ፤ እግሩን አነሣ፤ እግሩ ሳይወርድ ሆዱ ወደ ላይ መጣ። ያ ሁሉ አረንጓዴ ሰሚራ ጫማ ላይ ተደፋ። ሙቀቱ በካልሲዋ ገባ። ቅጠል ነበረበት።

«ድክመቱ ነው የወጣው!» አለ ሐምዛ። «ነስሮ፣ ውጣ ወደ ላይ። ቢጫ ቀበቶ።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ነስሮ እየተንገዳገደ ነደባው ላይ ወጣ፤ አገጩ ላይ ለሃጭና ቅጠል ተንጠልጥሏል። ጥርስ በሌለው አፉ ፈገግ አለ። ትውከቱ አይደለም ሰሚራን ያንገሸገሻት። ያ ፈገግታ ነው። ልጁ ቀና ብሎ ያያት እሷን ነበር፤ አይተሽኛል አይደል እንደማለት።

ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሦስቴ አጠበችው። ሦስቴም ሸተታት።

ለምን እንደምትነቀንቅ ታውቀዋለች። ከጂዳ መጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል የገባች ቀን መምህሯ አስነሥታ አማርኛ አስነበበቻት። አንዱን መስመር ስትጨርስ ደወል ሊደወል ትንሽ ነበር የቀረው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ «ጂዳ፣ ጂዳ» እያለ ተከተላት። ሐምዛ ተነሥቶ፣ «እናንተ ፋራዎች፣ የእሷ አባት እኮ ኤሲ ያለው ግመል ነበረው» አለ። ግመሉ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ጃኬት የሚያስለብስ ብርድ እንዳለ፣ አንዱ ሾፌር ጉንፋን ይዞት እንደሞተ ሁሉ ተረከ። በማግሥቱ ልጆቹ ሁሉ ስለ ግመሉ ሊጠይቋት ከበቧት። ውሸት ነው፤ ግን እንደዚያ አድርጎ ያዳናት ሰው አልነበረም።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስትመለስ የነስሮ እናት ናፊያ ጠባቡ መተላለፊያ ላይ አገኘቻት። ሌሊቱን ያልተኛች መሆኗ ዓይኗ ላይ ነው።

«ሰሚራ የኔ ልጅ፣ ነስሮ ሲያስመልስና ሲያስቀምጠው አድሮ ዋለ። ጤና ጣቢያ ወስጄው ምን በላ ይሉኛል፤ እሱ አፉን ቆልፏል። ወላሂ አልናገርም ነው የሚለው። የትል ነው ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። አንቺ አብረሻቸው ትውያለሽ፣ ትልቅ ልጅ ነሽ፤ ምን ቀመሰ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እሺ የኔ ቆንጆ። አንቺ መኖርሽ ለእኔ እፎይታ ነው።» ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

ሰሚራ የተሳመችበትን ቦታ በመዳፏ ጠረገችው፤ መጥረጓ ደግሞ የባሰ አስጠላት። ራሷን ከጫማዋ ጋር አውልቃ ብትጥል ደስ ባላት። ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ሐምዛ ጋ ሄደች።

ሐምዛ ወለሉን እየጠረገ ነበር። መስኮቱ ሥር አምስት ጠርሙስ አረንጓዴ ውሃ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ላይ ከቀሩት ልጆች የአንዱ ስም ተለጥፏል።

«ነስሮ ታሟል» አለችው።

«ሰማሁ። ነገ ይሻለዋል።»

«ገረባው መድኃኒት የተረጨበት ነው፣ ሐምዛ። ገበሬው ለተባይ ይረጫል። ቃሚው እንኳ አጥቦ ነው የሚቅመው። አንተ ማንም ያላጠበውን ዘፍዝፈህ አጠጣኸው።»

ሐምዛ መጥረጊያውን አቆመ። «ፍየል ይበላው የለ?»

«ነስሮ ፍየል ነው?»

ሐምዛ ዓይኑን ወደ ጠርሙሶቹ ወረወረ። ወሬ ያጣ ሐምዛ አይታ አታውቅም፤ ፊቱ ያለ ወሬ ሲታይ የትንሽ ልጅ ፊት ነው።

«ቀልድ ነበር» አለ በመጨረሻ። «የሚጠጡት አልመሰለኝም፣ ወላሂ። መጀመሪያ ቀን አሸትተው ይሥቃሉ ብዬ ነው። ከዚያ ነስሮ ግጥም አደረገዋ። ምን ልበል?»

«አትጠጣ በለዋ።»

«አንቺስ?» አለ ቀና ብሎ። «እዚሁ ተቀምጠሽ አልነበር? እንዲህ ነው ያለው ብለሽ ራስሽን የነቀነቅሽው አንቺ ነሽ። ብትናገሪ ሁለታችንም ነን ዱላ የምንበላው። እማማ ሩቂያ ይገድሉኛል። አንቺን ደግሞ ሰፈሩ መልሶ ጂዳ ይልሻል፣ ልጅ የምትመርዝ ጂዳ። ዝም ካልን ያልፋል፣ ሰሚራ። ክፍሉ ሲሥቅብሽ እኔ ላንቺ ስናገር ማንም አልጠየቀኝም።»

የመጨረሻው እውነት ነበር። እውነት ስለሆነ ነው የመረራት። ሰሚራ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ አራቱን ጠርሙስ አንድ በአንድ ግቢው ፍሳሽ ላይ ደፋች። ሽታው ግቢውን ሞላው።  አምስተኛውን ክዳኑን አጥብቃ ያዘችው።

«እሱን ምን ልታደርጊው ነው?» አለ ሐምዛ።

«ሐኪሞቹ ምን እንደጠጣ ሲጠይቁ የሚያዩት ነገር ያስፈልጋቸዋል።»

በሩ ላይ ስትደርስ ጠራት። ዞር አለች። ሐምዛ መጥረጊያውን ይዞ እዚያው ቆሞ ቀረ።

መተላለፊያው ጫፍ ላይ፣ መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ፣ የሰፈሩ ሾፌር የዑመር ባጃጅ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ናፊያ ነስሮን በፎጣ ጠቅልላ አቅፋ እየገባች ነው። የልጁ አንገት ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሰሚራ ሮጠች።

«እትዬ ናፊያ፣ ቆዩ።»

«አሁን አይሆንም የኔ ልጅ፣ ሆስፒታል ልወስደው ነው፤ ሆዱ ውሃ እንኳ አልይዝ ብሏል።»

«ቅድም አላውቅም ያልኩዎት ውሸት ነው። የጠጣውን አውቀዋለሁ። ይኸው።» ጠርሙሱን አነሣች። «የገረባ ውሃ ነው። ሦስት ቀን ጠጥቷል። መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ይችላል።»

ናፊያ ጠርሙሱን አየችው፤ ከዚያ ሰሚራን።  

«ማነው ያጠጣው?»

ሰሚራ የሐምዛን ስም ብቻ ጠርታ ማቆም ትችል ነበር፤ ስሙ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ሐምዛ ነው የሰጠው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው መምህር አዟል አላቸው። እኔ ዐረብኛ እሰማለሁ፤ እንዲህ እንዳላለ አውቃለሁ። ግን እውነት ነው ብዬ መሰከርኩለት። ነስሮም እኔን አምኖ ጠጣ።»

ዑመር ከመሪው ላይ ዞሮ አያት፤ መልሶም ዞረ። ናፊያ ፎጣውን ልጇ ላይ አጠበቀች። ከዚያ የልጁን እግር ሰብስባ ጥግ ያዘች።

«ግቢ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የቅድሟ ናፊያ አልነበረችም።

ባጃጁ የጀጎልን በር አልፎ ወደ አዲሱ ከተማ ሲወርድ ነስሮ ዓይኑን ገለጠ። ጠርሙሱን አየና ደከም ባለ ድምፅ፣ «አራተኛ ቀኔ ነው፤ ዛሬ አልጠጣሁም» አለ።

«ከእንግዲህ አትጠጣም» አለችው ሰሚራ። «መምህሩ እንዲህ አላለም፣ ነስሮ። እኔ ነኝ የዋሸሁህ።»

ነስሮ ትንሽ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ እናቱ ደረት አዞረ፤ መልሶም አላያትም።

ጠርሙሱ በየጉድጓዱ እየተናጠ ክዳኑ ሥር አረፋ ያወጣል፤ ሽታው ባጃጁን ሞልቶታል። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆሙ ናፊያ ልጇን አቅፋ፣ ወደ ኋላዋ ሳታይ፣ ወርዳ ሄደች።

«አንቺ ልጅ፣ ላንቺ መመለሱ ይሻልሻል» አለ ዑመር ቀስ ብሎ። «እዚያ ውስጥ አባትሽን ነው የሚያስጠሩት። ላድርስሽ?»

ሰሚራ እንዳይፈስባት ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋ ያዘች።

«ምን ያህል እንደጠጣ የማውቀው እኔ ነኝ» አለችና ወረደች።