ጋሼ ሥራ ላይ ነው

ውሻ እወድ ነበር ብል ምላሴን ይቁረጠው። የልጆች ክፍል ነርስ ነኝ። የተቃጠለና የተሰፋ ገላ አጥቤ በንጹሕ ፋሻ ስጠቀልል ነው የምውለው፤ ቁስል አጠገብ አንዲት ፀጉር ካየሁ ቀኑን ሙሉ አልረጋም። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ነው የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር አንድ ጠዋት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ውሻ ይመጣልናል» ያሉኝ።

«ለምን? የሚጠበቅ ንብረት አለን?» አልኳቸው።

«ልጆቹን ሊያረጋጋ ነው።»

«እነሱን ያረጋጋ፤ እኔን ማን ያረጋጋኛል?»

ዶክተሯ ሳቅ ብለው ሄዱ። የሚሉትን ካሉ በኋላ ክርክር አያውቁም።

ውሻው ቡናማ ነው፤ ግዙፍ፣ አፉ ዙሪያውን የሸበተ። ልጆቹ ሽበቱን አይተው ገና በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ» አሉት፤ የቤት ስሙ በዚያው ተረስቶ ቀረ። ገመዱን ይዞ ከኋላው የመጣው ሰው ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃላት የሚቆጥብ የውሻ አሠልጣኝ ነበር። በሩ ላይ ቆመና፣ «ሲስተር፣ እንግባ?» አለ።

«እጅዎን ይታጠቡ። እሱም ይታጠብ።»

«እሱ ጠዋት ገላውን ታጥቧል። ከእኔ በተሻለ ሳሙና።»

አልሳቅኩም። ለጥቂት ነው ሳያመልጠኝ የቀረው።

ያኔ ሚጢጢ የምንላት ልጅ ክንዷን የፈላ ውኃ አቃጥሏት ተኝታ ነበር። ቁስሏ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ስላለበት፣ የፋሻው ጋሪዬ ኮሪደሩ ላይ ሲንኳኳ ገና ትጮሃለች። ልርዳ ብለሽ ገብተሽ ልጅ አንቺን እያየ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደሚመስል፣ ያልደረሰበት አያውቀውም። እናቷ ትይዛታለች፣ እኔ አጥባለሁ፤ እነሱ በዓይናቸው ያለቅሳሉ፣ እኔ በሆዴ።

ያን ቀን ጋሼ ቀይ ሰደርያውን እንደለበሰ ከጎኗ ምንጣፍ ላይ ተጋደመ። ሰውየው የደህናውን እጇን መዳፍ ውሻው ጎን ላይ አስቀመጠላት።

«እሱ ሲተነፍስ አብረሽው ተንፍሺ። ቀድመሽው እንዳትሄጂ፤ ሽማግሌ ነው።»

«ቢነክሰኝስ?»

«ሰደርያ ከለበሰ ሥራ ላይ ነው። ጋሼ ሥራ ላይ አይቀልድም።»

ፋሻውን ፈታሁ። ሚጢጢ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንባዋም ወረደ፤ እጇ ግን ከውሻው ጎን አልተነሣም። ስጨርስ ቀና ብላ፣ «አለቀ እንዴ?» አለችኝ። ሳትጮህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችኝ የዚያን ቀን ነው። ፊቴን ማንም እንዳያይብኝ ወደ ገንዳው ዞሬ ቧንቧውን ከፈትኩ። ሰውየው ግን አየኝ። ሶፍት አቀበለኝና፣ «ለእጅዎ ነው» አለ። ለእጄ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ እነሱ በሚመጡበት ማክሰኞና ዓርብ ፀጉሬን ተሠርቼ መምጣት ጀመርኩ። ባልደረቦቼ «ለጋሼ ነው?» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። «ለጋሼ ነው» እያልኩ አልፋቸዋለሁ።

ምሳችንን ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን መብላት ለመድን። «እርስዎ» መባባላችን መቼ እንደቀረ አላስታውስም። ጋሼ ዱሮ ለጥበቃ ሠልጥኖ እንደነበር የነገረኝ እዚያ ነው።

«ሌባ ሲመጣ ጭራውን ይቆላል። አባረሩት። እኔም አብሬው ወጣሁ።»

«አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ?»

«ምንም። እሱን ብቻውን መስደድ አልሆነልኝም።»

እኔም ስለ ቤቴ አወራሁት። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ለተሰበረው ሁሉ ተጠያቂዋም ጠጋኟም እኔ ነኝ። «ለምጄዋለሁ» አልኩት። «ሰው ሸክም ይለምዳል፤ ወገቡ ግን አይለምድም» አለኝ። ያቺን ቃል ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «ከስንት ዶክተር ጋር እየዋልሽ ባለውሻ?» አለች። «እማዬ፣ ዶክተሮቹ ሚስት አላቸው» አልኳት።

ታዲያ ደስታ ሲበዛ ሰው ይዘናጋል። አንድ ዓርብ አንዱ ልጅ ጋሼ ሰደርያ ላይ የሳል ሽሮፕ ደፋበት። ሰውየው ለውሻው ውኃ ሊቀዳ ወጥቷል። እኔ ደግሞ የሚያጣብቅ ነገር እያየሁ መቀመጥ አልችልም፤ ላጥበው ብዬ ሰደርያውን ፈትቼ ገንዳው ውስጥ ነከርኩት። ሰደርያው ሲወልቅ ለጋሼ ሥራ አበቃ፣ ጨዋታ ተጀመረ ማለት እንደሆነ ምን አውቄ።

አንዴ ተንጠራራ። ከዚያ ሽማግሌነቱ ወዴት እንደገባ እንጃ። ጋሪዬን ገለበጠው፤ የሚንከባለለውን ፋሻ ይዞ በየአልጋው ሥር ዞረ፤ ትናንት የተሰፋ ሆድ ያለውን ልጅ በስንዝር አለፈው። በመጨረሻ በሩን ከፍተው በገቡት በዶክተሯ ትከሻ ላይ ሁለት እጁን ጭኖ መነጽራቸውን ላሰ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ዶክተሯ ግን የተሰፋውን ልጅ አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ሰደርያውን ማነው ያወለቀው?»

አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አለ እሱ ከኋላቸው።

«እንግዲያው ከዛሬ በኋላ እንዳትመጡ። ሁለታችሁም።»

ገመዱን አሠረና ወጣ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ወዲያው ወደ ደረጃው ወጥቼ ደወልኩለት።

«ማን ዋሽልኝ አለህ?»

ጋሼን «ና» ሲለው ሰማሁ።

«እኔ ለራሴ ጥፋት አላንስም። ማን ዋሽልኝ አለህ?»

«ማንም» አለ። «አንቺ ብትባረሪ ሚጢጢን ማን ያጥባታል? እኔ ብባረር የሚጎድል ውሻ ነው።»

«ውሻ ብቻ ነው የሚጎድለው?»

የጋሼ ትንፋሽ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

«አይደለም» አለ።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ጥፋት ስሸከም ኖሬ፣ የእኔን የተሸከመልኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እንባዬን ጠራርጌ ዶክተሯ ቢሮ ገባሁ።

«እኔ ነኝ ያወለቅኩት» አልኳቸው።

«ሰደርያው ገንዳ ውስጥ ነበር፤ አይቻለሁ። እስክትመጪ እየጠበቅኩሽ ነው።»

«እንግዲያው ይመልሷቸው።»

«ውሻው እኮ ዘሏል። ያ ልጅ ስፌቱ ቢፈታስ?»

«ነገ ሚጢጢ ትታጠባለች» አልኩ። «አንድ ጊዜ ብቻ ጋሼ ባለበት ገብተው ይዩዋት። ከዚያ የሚሉትን እቀበላለሁ።»

በማግሥቱ ዶክተሯ እጃቸውን አጣምረው ጥግ ቆሙ። ሚጢጢ ጋሼን ስታይ ማንም ሳይነግራት መዳፏን ጎኑ ላይ አሳረፈች። እኔ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ጠቀለልኩ። መሃል ላይ ቀና ስል ዶክተሯም ከጋሼ ጋር እየተነፈሱ ነበር። እንዳየኋቸው ሲያውቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይመጣሉ» አሉ ኮሪደሩ ላይ። «ግን ቅጣት አለብሽ። ይህ ውሻ ግቢያችን ውስጥ እስካለ ድረስ ከባለቤቱ ጎን ስንዝር አትርቂም። ለሚያጠፋው ሁሉ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«እሺ» አልኩ፣ የተቀጣ ሰው ለመምሰል እየታገልኩ።

እንደዚያ ተቀጥቼ ከረምኩ። ሚጢጢ ክንዷ ድኖ የወጣች ዕለት እናቷ አንገቴን አቅፋ አልለቀቀችኝም። ልጅቷም ጋሼ ጆሮ ውስጥ የሆነ ነገር አንሾካሾከችና ሄደች። እኛም ሦስታችን ቀስ እያልን ወደ ግቢው በር አመራን።

እሱ በሩ ጋ ቆመ። «ቅጣትሽ እዚህ ጋ ያበቃል» አለ።

«አዎ። ዶክተሯ ግቢ ውስጥ ነው ያሉት።»

ገመዱን በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ከሰው ይልቅ ከውሻ ጋር ማውራት የሚቀለው ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ ቀደምኩ።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

«ለምኑ?»

«ስለ ዋሸህልኝ። ከዚያም በስልክ ስጠይቅህ እውነቱን ስለ ነገርከኝ።»

አየኝ። ዓይኑን ሳይሰብር፣ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ከበሩ ውጪስ?» አለኝ።

«ከበሩ ውጪ ማንም አያዘኝም» አልኩና ቀድሜው ወጥቼ ጠበቅኩት።