አይተው ያላዩዋቸው

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ነገሩ የደረሰበት ሰው ዛሬም ጅግጅጋ አለ፤ ኬሚስትሪ ያስተምራል።

ሐምሌ 2010 መጨረሻ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ...

ራጉኤል ከታላቅ እህቱ ከወለተሐና ጋር ቤት ነበር። እሷ ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም። እሱ ደግሞ ያልተረጋገጠ ነገር አይቀበልም። ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረው ሰልችቷቸው ትተውታል።

ያን ቀን ቤትና ቤተ ክርስቲያን የሚያቃጥሉ ሰዎች ተሰማርተው ከከተማው ላይ ጥቁር ጭስ ይነሳል። ከሩቅ ቆርቆሮ ሲደበደብ ይሰማል...

እየቀረበ መጣ።

ሶማሌዋ ጎረቤታቸው ዐናብ በግንቡ ላይ ብቅ ብላ "ቶሎ ወደ እኔ ግቢ ተሻገሩ፣ እደብቃችኋለሁ" አለቻቸው። ራጉኤል አመዛዘነው። ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሊነሳ ሲል ወለተሐና ክንዱን ያዘችው።

"አትንቀሳቀስ።"

"ለምን?"

"አላውቅም... ብቻ አትንቀሳቀስ።"

ተከራያቸው አሰፋ ግን አልጠበቀም። ማተቡን ጨብጦ፣ ድምፁን አውጥቶ እየጸለየ ወደ ግንቡ ሮጠ።

ሳይደርስ የግቢው በር ተገንጥሎ ወደቀ፤ ገጀራ የያዙ ሰዎች ገቡ።

ራጉኤል በመስኮት አየው። አንገቱን በገጀራ መቱት። አሰፋ በእጁ መሬቱን ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ...

ደገሙት።

ጸሎቱ መሀል ላይ ቆመ።

ከዚያ ወደ ቤት ገቡ።

ወንድምና እህት ከመስኮቱ ሸሽተው ሳሎኑ ጥግ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። የሚከልላቸው ነገር የለም። ሰዎቹ ቴሌቪዥኑን ሰባበሩ። ቁም ሳጥኑን ገለበጡ። አንዱ ከጓዳ የጎተተውን የዱቄት ጆንያ ቀዶ በተነው፤ ክፍሉ ነጭ ሆነ።

ከዚያ ዞሮ ራጉኤልን ፊት ለፊት አየው...

ዓይኑ ግን አልቆመም። ባዶ ግድግዳ እንደሚያይ ሰው አለፈው።

ከተዘረጋው ገጀራ ጫፍ ደም ራጉኤል ጫማ ላይ ጠብ አለ።

"ማንም የለም" አለ ሰውየው።

ወጡ።

ጸጥ ሲል ዐናብ ግንቡን ተሻግራ መጣች። አሰፋን በሻሿ ሸፍና እሱው አጠገብ ተቀምጣ ቀረች።

ወለተሐና አማተበች። "ከለለን" አለች።

ራጉኤል ሊያስረዳት ሞከረ። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ቤት የገባ ሰው ዓይኑ ለጊዜው አይለይም፣ ዱቄቱም አየሩን አፍኖት ነበር አላት። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

"አሰፋስ? እሱም እኮ እየጸለየ ነበር።"

እሷ ግን ወለሉ ላይ አፍጥጣለች።

ዱቄቱ ሁሉን አልብሶታል። የሰዎቹ የጫማ ዱካ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ወንድምና እህት የተቀመጡበት ጋ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ ያልፋል።

ከፊታቸው፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ዱቄት ያልነካቸው ሁለት ቦታዎች አሉ...

የባዶ እግር ቅርጽ።

ወደዚያ የመጣ ዱካ የለም። ከዚያ የሄደም የለም።

ራጉኤል ይህንንም አመዛዘነው። ዱቄት ሲበተን መሬት የማይነካው አንድ ነገር ቆሞ ከከለከለው ብቻ ነው።

በጉልበቱ ተንበርክኮ ቀረብ ብሎ አየ።

የእግሮቹ ጣቶች ገዳዮቹ ወደ ነበሩበት አልዞሩም።

ወደ ራጉኤልና ወደ እህቱ ነበር የዞሩት፤ የቆመው ጀርባውን ለገጀራው ሰጥቶ ነበር...