የሞቀው አውራ ጣት

የአቶ ያለው አስከሬን ተገንዞ፣ አውራ ጣቶቹ በክር ታስረው፣ ቢቸና በሚገኘው ቤቱ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ጎረቤቱ ሁሉ «በእንቅልፉ አረፈ» ባይ ነው። ኢንስፔክተር ማስተዋልን ያስጠራቻት ሚስቱ ሀብትነሽ ናት።

«የገብርኤልን ማኅሌት አድሬ ስመለስ በድኑ በረዶ ሆኗል» አለቻት። «ቀኝ አውራ ጣቱ ግን ይሞቅ ነበር። ነፍሱ ሳትወጣ ይሆን ያስገነዝሁት? ዐይኔን በጨፈንሁ ቁጥር ያ ጣት ይሞቀኛል።»

ማስተዋል ይህን ስትሰማ ወደ አልጋው ቀረበች። የሟቹን ዐይን ገለጥ ብታደርግ የደም ነጠብጣብ አየች፤ ከንፈሩም ከውስጥ ቆስሏል። ታፍኗል። ክሩን ፈታ ስታደርገው ከስሩ የደረቀ ሰም አገኘች፤ የቀኝ አውራ ጣቱ ቆዳም በእሳት ተለብልቧል። ትራሱ አጠገብ የወደቀው ስልክ ላይም ሰም አለ።

የሞጣው ነጋዴ አብዱራዛቅ የሟቹ ሸሪክ ነው። ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሰምቷል።

«ምን አጣላችሁ?»

«ቢትኮይን ነዋ! ስልኩ ውስጥ ያለው የኢንተርኔት ገንዘባችን። ዋጋው ሰማይ ነክቷል፣ እንሽጥ አልሁት። ‹የዓለም ገንዘብ ቢደመር ባሕር ነው፤ ይኼ ገና አንድ ጣሳ። የሚያድግበት ቦታ ሞልቷል› ብሎ እምቢ አለኝ።»

«ስልኩን መክፈት ትችላለህ?»

«ገዝቼ የሚስጥር ቁጥሩን የሞላሁለት እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«የኔንም የጣት አሻራ ያውቃል» አለች ሀብትነሽ።

የሟቹ ወንድም ደምለው ራሱን ነቀነቀ። «ገንዘቡን ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን ስልኩን ከፍቼው አላውቅ። ሞጣ ሆኜ መርዶ ሰምቼ፣ ከተገነዘ በኋላ ነው የደረስሁ።»

ማስተዋል ሦስቱንም አልጋው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ይህን ገንዘብ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ሰሙ ከክሩ ስር ነው፤ ስለዚህ ጣቱን በሻማ ያሞቀው ሰው ከግንዘቱ በፊት፣ መሞቱን ማንም ሳይሰማ እዚህ ነበር። ያሞቀው ስልኩ ቀዝቃዛ ጣት አልቀበል ስላለው ነው። አብዱራዛቅ ቁጥሩን ያውቃል፤ ሀብትነሽ የራሷ ጣት አላት። የሬሳ ጣት የሚያስፈልገው አንተን ብቻ ነው፣ ደምለው።»

ደምለው ወደ ስልኩ ጠቆመ።

«የበሬዬን ዋጋ እኮ ነው የሰጠሁት! ከዚያ ሁሉ ባሕር የኔን ጣሳ መልስልኝ ስለው ‹ገና ያድጋል› አለኝ። በትራሱ አፈንሁት። ስልኩን ፈልጌ እስካገኝ... ጣቱ ቀዘቀዘብኝ። አሙቄውም አልከፈተልኝ። የበሩን ድምፅ ስሰማ በጓሮ ወጣሁ።»

ሀብትነሽ ወደ ማስተዋል ዞረች። «ታዲያ ስገባ ሞቶ ነበር?»

«ከሞተ ቆይቷል፣ እኅቴ። አንቺ አልገደልሽውም።»

«እኔ የያዝሁት ሙቀት... የዚህ ሰው ሻማ ነበር?»

«አዎ።»

ሀብትነሽ አላለቀሰችም። መዳፏን በነጠላዋ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች፤ ደምለውን ይዘውት ሲወጡም እየጠረገች ነበር።