አራተኛው ቃል

«ንዋይ የምትባለው አንተ ነህ? ዛሬ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ኪዳን የምትባል ሴት ደውላልህ አላነሳህም» አለው ፖሊሱ በዐረብኛ። ከዚያ ቀጥሎ የደዋይዋን መሞት ነገረው።

ንዋይ አላየሁትም እንዳይል አይቶታል። ስሟን ስክሪኑ ላይ አንብቦ ስልኩን ደፍቶት ነበር። ኪዳን እንግሊዝኛ ላስተምርህ ብላ መዝግባው በሦስተኛው ሳምንት ጠፍቶባታል፤ ልትቆጣኝ ነው ብሎ ነው። ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ወንጀል ሲመረምር የኖረ፣ ዛሬ ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር ያለ ሆቴል የጥበቃ ኃላፊ የሆነ ሰውዬ፣ የአስተማሪ ቁጣ ፈርቶ ስልክ ይደፋል። እንዲህ ነው እንግዲህ ትልቅ ሰው።

ቤቷ ድረስ ጠሩት፦ ከዱባይ ወጣ ብሎ አጅማን፣ አል ጁርፍ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ የምታስተምረውም እዚያው ነው። ኪዳን ከኩሽናው እብነ በረድ ጥግ ሥር ወድቃለች፤ ከጭንቅላቷ የፈሰሰው ደም ደርቋል። ስልኳ ከሶፋው ሥር ተገኝቷል። በሩ አልተሰበረም፤ ሲዘጉት ራሱን የሚቆልፍ ነው። ቁልፍ ያላት አብራት የምትኖረው ብርቱካን ብቻ ናት። ሬሳውንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያገኘችው እሷው ናት። ጠዋት ደግሞ ሁለቱ ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል።

«ለጊዜው እሷን ይዘናል» አለ ሰሚር የተባለው መኮንን።

ንዋይ ቀና ብሎ ነጩን ሰሌዳ አየ። የኪዳንን ወግ ያውቀዋል። እሑድ እሑድ ቀትር ላይ ሰሌዳውን አጥባ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ትጽፋለች፤ ከሥሩ አራት ተመሳሳይ ቃላት። ሦስቱ ሰው የሚያውቃቸው ናቸው፤ አራተኛውን ከዚያ ከወፍራሙ መዝገበ ቃላቷ ቆፍራ ነው የምታወጣው። ተማሪ ሁሉ አስር ሰዓት ላይ ሲመጣ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እንደቆመ ሰሌዳውን ደብተሩ ላይ ሳይገለብጥ አይቀመጥም። ወዮለት ለተቀመጠ።

የዛሬው ቃል ሄልፕ፣ መርዳት፣ ነበር። ከሥሩ፦ አሲስት፣ ኤይድ፣ ሰፖርት፣ ሳከር። ከሳከር ጎን በአማርኛ «በጭንቅ ሰዓት መድረስ» ብላለች። ከሁሉ በታች፦ «ሄልፕ ማለት የሰውየውን ሥራ ሰውየውን ሆኖ መሥራት አይደለም።»

ንዋይ ይህችን የመጨረሻዋን ሁለቴ አነበባት። ፖሊስ ለአስር ሰዓቱ ትምህርት የመጡትን ከታች መልሶ ክፍሉን ሲያሽግ ሰሌዳውን ከፖሊስና ከእሱ በቀር ያየ ሰው አልነበረም፤ ብርቱካንም ሬሳውን እንዳየች እየጮኸች ነው የወጣችው።

ማታ የተማሪዎቹ የስልክ ግሩፕ በለቅሶ ሞላ። የአየር መንገድ ቢሮ ሠራተኛዋ ሳምራዊት «ነፍስ ይማር፣ እህቴ» ብላ ጻፈች። ሚርዲፍ ሰፈር ሞግዚት የሆነችው ነስሪን በድምፅ መልእክት አለቀሰች። የሆቴሉ ሹፌር ሊበን ለአስተማሪዋ ክብር በእንግሊዝኛ ጻፈ፦ «ቲቸር፣ ዩ ሄልፕድ አስ፣ ዩ ሳከርድ አስ።»

ሊበንን ከስድስት ወር በፊት የቀጠረው ንዋይ ራሱ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናውን ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ነበር የወሰደው፤ ውጤቱም የሚያስቀና ነበር።

በማግስቱ ንዋይ የቀድሞ መርማሪ መሆኑን ነግሮ ሰሚርን አስፈቀደና በመጀመሪያ ብርቱካንን ጣቢያ ሄዶ ጠየቃት። ዓይኗ አብጧል። ማክሰኞ ወደ አገሯ መብረሪያዋ ነው፤ ልጇን ካየች አምስት ዓመቷ።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«‹ሰው ረዳሁ ብዬ ኃጢአት ሠራሁ፣ ዛሬ ለንዋይ እነግረዋለሁ› አለችኝ። ተይ፣ የሰው እንጀራ አትዝጊ ብዬ ጮህኩባት። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ ጋሽ ንዋይ።»

«ስትወጪ ሰሌዳው ላይ ምን ነበር?»

«ምንም። በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውለው ትቻት ሻርጃ ዕቃ ልገዛ ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ ቁጣ ሆነ።»

ነስሪን በስልክ መለሰችለት፦ «ማዳም እስከ ዘጠኝ ተኩል አልለቀቀችኝም፤ ልጆቹን ጠይቁ።» ሳምራዊትም ለትምህርቱ እስክትነሳ ድረስ ቢሮ ነበረች። ሊበንን ሆቴሉ ጓሮ፣ መኪና ሲያጥብ አገኘው። የታጠበውን መኪና ደግሞ ነበር የሚያጥበው።

«ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ኤርፖርት፣ ጋሼ። አውሮፕላኑ ዘግይቶ እንግዳ ስጠብቅ። እስከ ዘጠኝ ንቅንቅ አላልኩም፣ ዋላሂ።»

«ለቲቸር የጻፍካት ነገር ጥሩ ነበረች።»

ሊበን ጨርቁን ጨመቀው። «ከልቤ ነው» አለ።

በዚያው ሰኞ አስር ሰዓት፣ በክፍሉ ሰዓት፣ ሁሉም አል ጁርፍ ተሰበሰቡ። ነስሪን ማዳሟን ለምና መጥታለች። ብርቱካንን አንዲት ፖሊስ ይዛት ገባች። ሰሚር ከኋላ ቆመ፤ ንዋይ የሚለውን በዐረብኛም እየደገመ ሊነግረው ተስማምተዋል። ሰሌዳው በአንሶላ ተሸፍኗል።

«ሐኪሙ ኪዳን ከወደቀች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበረች ብሏል» ሲል ጀመረ ንዋይ። «አምቡላንስ ቢጠራላት ትተርፍ ነበር።»

ነስሪን ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ሳምራዊት፣ ከዚህ ክፍል እንግሊዝኛ የምትችይው አንቺ ነሽ። ሳከር ምን ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ። ሊበን ሲጽፈው ተሳስቶ መስሎኝ ነበር።»

«አልተሳሳተም።» አንሶላውን ገፈፈው። ሁሉም ሰሌዳውን አነበቡ። ሊበን ብቻ መሬት መሬቱን አየ።

«ብርቱካን ስትወጣ ሰሌዳው ባዶ ነበር» አለ ንዋይ ረጋ ብሎ። «ፖሊስ ሲያሽገው ይሄ ሁሉ ተጽፎበታል። በመሐል የገባ ሰው ብቻ ነው ይህን ቃል ከዚህ ሊያገኝ የሚችለው።»

«ስልኬ ላይ ዲክሽነሪ አለኝ» አለ ሊበን።

«እኔም ይኖርሃል ብዬ ተጠራጠርኩ። ስለዚህ የመኪናህን ጂፒኤስ አየሁ። እንግዳው የመጣው በስድስት ሰዓት ነው፤ ዘግይቶም አያውቅ። መኪናዋ ከሰባት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ከዚህ ሕንፃ ጀርባ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ቆማለች። ለምን እንደመጣህ ደግሞ ኪዳን እዚያ ታች ጽፋዋለች። ፈተናህን አንተን ሆና የሠራችልህ እሷ ናት። ሆዷ አልችል ብሎ ልትነግረኝ ነበር።»

ሊበን ከኪሱ የታጠፈ ደብተር አወጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሄልፕ ተገልብጧል፣ ከነአራት ቃሉ።

«ለምን አልቀደድከውም?» አለች ሳምራዊት።

«አቃተኝ። ልለምናት ነው የመጣሁት። በሩን ከፍታ ‹መጀመሪያ ገልብጥ› አለችኝ፤ ገለበጥኩ። የሷ እጅ የጻፈው የመጨረሻው ነው፤ እንዴት ልቅደደው? ስጨርስ ለጋሽ ንዋይ ደወለች። ስልኩን ልቀማት ስታገል አዳልጧት እብነ በረዱ መታት።» ወደ ንዋይ ዞረ፤ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። «ዓይኗ ተከፍቶ ነበር። ‹ደውልለት› አለችኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነው። የእርስዎን ስም አየሁና ፈራሁ። ወርውሬው እግሬ አውጪኝ አልኩ።»

ብርቱካን ፖሊሷ ስትለቃት እንኳ አልተነሳችም። «ልጅ አለኝ፣ አንተ» አለችው ቀስ ብላ። «እኔን ሲወስዱኝ ዝም አልክ?»

ሰሚር ወደ በሩ ሲመራው ሊበን ንዋይ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ እንዳለችኝ ብደውልልዎ ኖሮ ይደርሱላት ነበር፤ አይደል?»

ሁሉም ወደ ንዋይ ዞሩ። ጥሪዋን አይቶ አለማንሳቱን ለማንም አልነገረም፤ አሁንም ዝም ቢል ሊበን ጥፋቱን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ይሄዳል።

«በሷ ስልክ ብትደውል አላነሳም ነበር» አለ ንዋይ። «ስሟን ሳይ ደፋሁት።»

ሊበንን ወሰዱት። ብርቱካን ተነስታ ከሰሌዳው ሥር የመወልወያውን ጨርቅ አነሳች፤ ተመልሳ አስቀመጠችው። ንዋይ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ወደ ሰሌዳው ቀረበ። ከሳምራዊት ወረቀት ተቀብሎ፣ እንደቆመ፣ መገልበጥ ጀመረ።