ለናዚር ያልተሰጠ ኳስ

ፍረወይኒና ኩሪያን የተዋወቁት በስድብ ነው። ዘመኑ በፈረንጆች 1998፣ የኤርትራና የኢትዮጵያ ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። ወንድሟን ስምኦንን አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ወዳለው የኳስ ሜዳ አድርሳ፣ ከጎሉ ጀርባ ፓርክ አድርጋ ስትጠብቀው፣ ኳስ መጥቶ የመኪናዋን የፊት መስታወት መታው። ደንግጣ የያዘችውን ሻይ ቀሚሷ ላይ ደፋችው። ኳሱን ሊወስድ የመጣው አንድ ቀጭን ህንዳዊ ነው።

«ይሄ ህንድ ዓይን የለውም እንዴ» አለች፣ አይሰማኝም ብላ።

«ዓይንስ አለኝ እህቴ፤» አለ ሰውየው ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ፤ «ጎል ውስጥ የቆምሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ቀና ብላ አየችው። አልሳቀም። እሷ ናት ቀድማ የሳቀችው።

ኩሪያን ደሴ ነው የተወለደው። አባቱ እዚያ የሒሳብ መምህር ነበሩ። በአሥራ አራት ዓመቱ ቤተሰቡ ወደ አገሩ ወደ ደቡብ ህንድ ተመለሰ፤ ካደገ በኋላም ለማላባር አውራጃ ቡድን በግራ ክንፍ ስድስት ዓመት ሙሉ በኬረላ ግዛት ዋንጫ ተሰልፏል። አሁን ኢገን በምትባል የሴንት ፖል ጎረቤት ከተማ በሚገኝ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐበሾቹ ጋር የሚጫወተው አማርኛ ለመስማት ሲል እንደሆነ ነገራት። ከዚያ በኋላ ፍረወይኒ ወንድሟን ማድረስ አልሰለቻትም።

ጦርነቱ ሲፈነዳ ቡድኑ ለሁለት ተሰነጠቀ። ኤርትራውያኑ ከስምኦን፣ ኢትዮጵያውያኑ ከአምበሉ ከቦጋለ ጋር ሆኑ። አንድ ማልያ ሲለብሱ የኖሩ ሰዎች ግሮሰሪ በር ላይ ሲገናኙ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ።

«አማርኛ ተናግረህ ከነሱ ጋር ልትሰለፍ ነው?» አለው ቦጋለ።

«እህቴን እየወደድክ ከነሱ ጋር ልትሰለፍ ነው?» አለው ስምኦን።

ኩሪያን ለሁለቱም እምቢ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳው ዳር ሲደርስ ሰላምታውን የመለሰለት ሰው አልነበረም። አንዱ «ሰላይ» አለው፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እንኳ አላወቀም።

የፍረወይኒ ቤት ደግሞ የባሰ ነበር። የአባቷ የጋይም እህት ሠላሳ ዓመት ከኖሩባት ከአዲስ አበባ ኤርትራዊት ተብለው በአንድ ሻንጣ ተባረሩ። ጋይም በወጣትነታቸው በአማርኛ ተምረው፣ በአማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ወሬው የደረሳቸው ዕለት ግን በቤታቸው አማርኛ እንዳይነገር ከለከሉ። ኩሪያን ስልክ ደውሎ «እንደምን ዋሉ አባቴ» ሲል፣ መልስ ሳይሰጡ ዘጉት።

ፍረወይኒ ፍሪድሊ በምትባል ሌላ ጎረቤት ከተማ የሕክምና ዕቃ በሚሠራ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ኩሪያን ሊያያት መጣ፤ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው።

«ከወንድሜ ጋር ብትሰለፍ ምን ነበረበት? ለኔ ስትል?»

ኩሪያን መሪውን እንደያዘ ያለፈውን ይተርክላት ጀመር።

«ማላባር ውስጥ ሂንዱውም፣ እስላሙም፣ ክርስቲያኑም አንድ ቡድን ነበርን። አገሩ በሃይማኖት ሲታመስ ነገሩ መልበሻ ክፍላችን ድረስ ገባ። የግዛቱ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ነን፤ ዜሮ ለዜሮ፣ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ኳሱ እኔ እግር ሥር ገባ። ናዚር ጎሉ ፊት ብቻውን ቆሟል። የልብ ጓደኛዬ ነው፤ እናቱ ቤት ስንት ቀን በልቻለሁ። ግን ሜዳ ከመግባታችን በፊት ‹ለእስላሞቹ አታቀብል› ተብዬ ነበር።»

«አቀበልከው?»

«አየሁት። እሱም አየኝ። ለሌላ ሰው ሰጠሁት።»

ፍረወይኒ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ተሸነፍን። ቡድኑም በዚያው ፈረሰ። ናዚር አልሰደበኝም። ጫማውን ፈታ፣ በእጁ ያዘ፣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰው ወገን ምረጥ ሲለኝ እግሬ አይታዘዝልኝም።»

ልትጣላው ነበር የገባችው። የእረፍት ሰዓቷ አለቀ፤ እሷ ግን አልወረደችም። እጇን እጁ ላይ አደረገች። እስከዚያ ቀን ነክታው አታውቅም።

«እንግዲያው ከማንም ጋር አትሰለፍ» አለችው።

ኅዳር ላይ ሽማግሌ መላክ ፈለገ። ከማን ወገን ይልካል? በመጨረሻ የፍረወይኒ ሟች እናት ጓደኛ የነበሩት፣ ዉድበሪ የሚኖሩት ወይዘሮ ወርቂ «እኔ እሄዳለሁ» አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሱን አስከትለው ጋይም ሳሎን ገቡ። በትግርኛ ጀመሩ። ጋይም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ወርቂ ተረጎሙለት።

«ልጄን በምን ቋንቋ ነው የሚጠይቀኝ ይላሉ።»

«በተወለድኩበት፣ አባቴ» አለ ኩሪያን።

ጋይም ተነሡ። ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛ ከአፋቸው ወጣ።

«እህቴን ውጪ ያሏት በዚህ ቋንቋ ነው።»

«ሰምቻለሁ፤ አዝኛለሁም። እኔ ግን ልጅዎን የምወድበት ሌላ ቋንቋ የለኝም።»

«ውጣ።»

ኩሪያን እጅ ነስቶ ወጣ። ፍረወይኒ ካፖርቷን አነሣች።

«ከወጣሽ አትመለሺም» አሏት።

ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እሳቸው ግን ወደኋላ ሸሹ። ስምኦን ግድግዳ ተደግፎ ወለሉን ያያል። ያን ቀን ወይዘሮ ወርቂ ቤት ገባች፤ እስከ ሠርጓም እዚያው ኖረች።

ሠርጉ በጥር፣ የኩሪያን ወገኖች የሆኑት የማላባር ኦርቶዶክሶች ለቅዳሴ በሚከራዩት አዳራሽ ሆነ። በሙሽራው በኩል ሰው ሞልቷል፤ በሙሽራዋ በኩል ወይዘሮ ወርቂና ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ብቻ ተቀምጠዋል። ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል ስምኦን ትከሻው ላይ በረዶ እንደያዘ ገባ። ለኩሪያን እጁን አልዘረጋም። ወደ እህቱ ቀርቦ ግንባሯን ሳማት።

«ሰው ከጠየቀሽ አባባ ታሟል በይ» አላት በጆሮዋ።

«አልታመመም።»

«አውቃለሁ። አንቺ ግን እንደዚያ በይ።»

ምግቡ ሳይቀርብ ሄደ። ፍረወይኒ ለጠየቃት ሁሉ አባቷ መታመሙን ተናገረች። በየጊዜው ድምጿ እየቀጠነ ሄደ። በመጨረሻ አንዲት የኩሪያን ዘመድ መጥተው አባትሽስ ብለው ሲጠይቋት አንገቷን ደፋች። ኩሪያን ለሴትዮዋ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ነገራቸው፤ እሳቸውም ጉንጯን ዳስሰው ሄዱ።

«ምን አልካቸው?»

«አልታመሙም፣ ተቆጥተው ነው አልኳቸው። እኛም እንጠብቃቸዋለን አልኩ።»

«ካልመጣስ?»

«እንጠብቃቸዋለና።»

ፍረወይኒ ራሷን ትከሻው ላይ ጣለችና፣ ከቤት ከወጣች ወዲህ ያላለቀሰችውን አለቀሰች።