ከእሳት ያልወረደው ድስት

አቶ ሙሉሃብት ምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሲገኙ ማንኪያው ገና ከእጃቸው አልወደቀም ነበር። ቀኑ ረቡዕ ነው። ከፊታቸው በግማሽ የተበላ የድንች ወጥ አለ፤ ሃንጋሪዎች ፓፕሪካ በሚሉት ቀይ፣ የማያቃጥል በርበሬ የተሠራ። ሐኪሙ የነቀዝ መድኃኒት ከምግብ ጋር በልተው እንደሞቱ ለማወቅ ብዙም አልተቸገረም።

ሰውየው በወጣትነታቸው ሃንጋሪ ተምረዋል። ያሳደረቻቸው ባልቴት የቤቷን ሙያ አስተምራ ላከቻቸውና ላሊበላ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ከፈቱ። ሃንጋሪዎቹ በአሳማ ስብ የሚሠሩትን እሳቸው በበሬ ሞራ ለወጡት፤ አሳማንማ ላስታ ላይ ማን ይደፍራል! ፈረንጁ ጉላሽ የሚሉትን የሥጋ ወጣቸውን እየተሻማ ይበላ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣና እንግዳ ጠፋ። እሳቸው አረቄ ላይ ወደቁ፤ ዱላቸው ደግሞ ሚስታቸው ላይ። ጎረቤት ጩኸት በሰማ ቁጥር ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌውም «ትዳር ነው፣ ቻይው» ብሎ ጠላውን ጠጥቶ ይመለሳል። ሽምግልና ተብሎ ሞተናል።

መርማሪዋ ትሁን ስትደርስ ሚስትየው ወይዘሮ ባንቺዓለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ቆመው ነበር።

«እኔ ነኝ ሠርቼ ያበላሁት። በይ ልጄ፣ እሰሪኝ» አሏት።

ትሁን አሰረቻቸው፤ ልቧ ግን እምቢ አለ። ማዕድ ቤት ገብታ ድስቱን ከፈተችና አሸተተች። መራራ፣ ያረረ ሽታ አለው፤ ቂጡ ጠቁሯል፣ ሽንኩርቱ ደቅቋል፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፍፏል። እሷም በደጉ ዘመን እዚህ ቤት በልታለች። አቶ ሙሉሃብት አንድ ነገር ሳይናገሩ እንግዳ አያበሉም ነበር፤ ፓፕሪካ እንደ እኛ በርበሬ አይቁላላም፣ ቶሎ ያርርና ይመራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ድስቱ ከእሳት ይውረድ ይሉ ነበር።

የሟች ወንድም አራጋው በጓሮው ክፍል ይኖራል። ጠዋት ገብስ ለመሸመት ፍላቂት ገበያ ሄዶ በሚኒባስ እንደተመለሰ፣ ወንድሙ ሰክሮ ሲገባ እንዳየው፣ ማዕድ ቤት ግን የሴት ቤት ስለሆነ ደጃፉን እንኳ እንደማይረግጥ ነገራት። ቤቱን የሚወርሰው እሱ ስለሆነ ትሁን ብዙ አመላለሰችው።

የትናየት፣ ባንቺዓለም ከፊተኛው ባላቸው የወለዷት፣ ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ ልጅ ናት። በጾም ቀን ሞራ የሚሸትበት ማዕድ ቤት ገብታ እንደማታውቅ ተናገረች።

«እናቴ አልገደለችም» አለች አቀርቅራ።

«በምን አወቅሽ?»

ልጅቷ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ዓርብ ዕለት ትሁን ሁሉንም ማዕድ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። እሳቱ ነዷል፤ መደርደሪያው ላይ ዘይትም ሞራም ተቀምጧል። የባንቺዓለምን ካቴና ፈታችና ረቡዕ ዕለት እንደሠሩት አድርገው እንዲሠሩ ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ሽንኩርት ከተፉ። እጃቸው ዘይቱን አልፎ ሞራውን አነሳ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ድስቱን በጨርቅ ይዘው መሬት አወረዱና ፓፕሪካውን ነሰነሱበት። የትሁንን ዓይን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

«የረቡዑ ድስት በዘይት ነው የተሠራው፤ ሞራ ቢሆን ላዩ ላይ ይረጋ ነበር» አለች ትሁን ቀስ ብላ። «እርስዎ ባለቤትዎ ስላስገደዱዎት በጾምም በሞራ ይሠራሉ፤ እጅዎ ዛሬም ዓርብ መሆኑን አልጠየቀም። የረቡዑ ፓፕሪካ ደግሞ እሳት ላይ እንዳለ ተቁላልቶ አርሯል። እርስዎ ግን ድስቱን አወረዱ።»

«እኔ ነኝ ልትይ ነው እንግዲህ?» አለ አራጋው።

«አንተማ ሽንኩርት ከትፈህ አታውቅም። የረቡዑ ሽንኩርት የደቀቀ ነው፤ የሴት እጅ ያረፈበት። ወጥ የምታውቅ፣ ፓፕሪካ ግን የማታውቅ። አቶ ሙሉሃብት ሰክረው ስለነበር ምሬቱን አልለዩትም።» ትሁን ወደ የትናየት ዞረች። «ነፍስ ለማጥፋት ቆርጣ ጾም መግደፍ ግን የፈራች ሴት ናት።»

የትናየት ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«አምና የእማዬን እጅ ሰበረው። አሁን ደግሞ እገልሻለሁ አላት» አለች። «ለማን ልናገር? ተናግረን አልነበር?»

ትሁን ንጹሕ ሰው ነፃ ላወጣ ነው ብላ ነበር የመጣችው። ባንቺዓለም ወደ እሷ ዞሩ።

«አንድ ሰው አልነበር የምትፈልጊው ልጄ?» አሏት። «ሰጥቼሽ አልነበር? እኔ እንደሆን ያለቀልኝ ነኝ። እሷን ለምን?»

ትሁን ከእናትየው የፈታችውን ካቴና ልጅቷ እጅ ላይ አሰረች።

«ቆይ፣ ባዶ ሆዷን አትውሰጃት» አሉ ባንቺዓለም። የሞራውን ወጥ ሊያቀርቡ ድስቱን አነሱ።

«ጾም ነው እማዬ» አለች የትናየት።

እናትየው ወጡን ጓሮ ደፉት፤ ድስቱን አጥበው እንደገና ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ዘይት ጨመሩ። ፓፕሪካው ሳይገባ ድስቱን አወረዱ። ትሁን ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀች፤ አራጋው ወጥቶ ሄደ። ወጡ ሲደርስ ልጅቷ እጇ ታስሯልና እናቷ አጎረሷት።