የቀኝ የፊት ጎማ

«እኔ ያዘጋጀኋትን መኪና ምርመራ ላይ የሚጥል ሰው ገና አልተወለደም» አለች ፍሬቻ፣ በቀይዋ መኪና ኮፈን ላይ የመጨረሻውን ጨርቅ እያንሸራተተች።

እናቷ የነርስ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጥላ በሩ ላይ ቆማለች። «አምናም አባትሽ እንዲሁ ብሎ ነበር።»

«አምና እኔ አልነበርኩበትማ።»

«ዘንድሮ አለሽበት። እንግዲህ ፈጣሪ ይርዳን» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፍሬቻ ብሎ ስም ያወጣላት የመኪናዋ መካኒክ ነው። ስታወራ እጇ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ስለሚወራጭ፣ «ይቺ ልጅ ወዴት እንደምትታጠፍ አይታወቅም» ብሎ በመኪና መታጠፊያ መብራት ስም ጠራት፤ ስሙም እንደ ማስቲካ ተጣብቆ ቀረ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ምላሷ ግን ጡረታ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

መኪናዋ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም አፍንጫ አላት። በዕድሜ ፍሬቻን በሃያ ዓመት ትበልጣታለች። የአባቷ ታላቅ ወንድም በጉብዝናው ጊዜ ይሽቀዳደምባት ነበር፤ ዓይኑ ሲደክም ቁልፉን ለአባቷ ሰጠው። አባቷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው። ሽቅድድም ቀርቶ፣ እግረኛ ሲያሳልፍ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ግን በሳምንት አንድ ቀን ያቺን መኪና አስነስቶ ሰፈሩን ሲዞርባት፣ መርፌ ላይ ሲያቀረቅር የጎበጠው ጀርባው ቀጥ ይላል። ፍሬቻ ያንን ጀርባ ማየት ትወዳለች።

አምና መኪናዋ ምርመራ ላይ ሦስት ጊዜ ወድቃ፣ በአራተኛው በስንት መከራ አለፈች። ዘንድሮ የፍሬቻ እናት ቁርጡን ተናግራለች። የአምናው ፈቃድ ዛሬ ያበቃል፤ ዛሬ ካላለፈች፣ ነገ ጠዋት ለመለዋወጫ ነጋዴው ትሸጣለች። ነጋዴው ሁለት ጊዜ መጥቶ እንደሚታረድ በሬ ጎኗን ዳብሷታል።

ለፍሬቻ ሌላም ነገር አለ። የብሎን መፍቻ ጆሮው ላይ ከመሰካቱ የተነሳ ካቻቢቴ የሚባለው ይኸው መካኒክ፣ የአባቷ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ነው። መኪናዋ ካለፈች፣ ትምህርት ስለተዘጋ ጋራዡ ገብታ እንድትማር ቃል ገብቶላታል። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር አጠበች፣ መብራት ወለወለች፣ ጎማ አጠቆረች።

ወደ ምርመራው ሲሄዱ፣ መንገድ ላይ አባቷ ፍሬን በነካ ቁጥር መሪውን ጠበቅ ያደርግ ነበር።

«ስትቆም ወደ ግራ ትጎትተኛለች» አለ።

«ፈርታ ነው አባዬ። ፈተና እኮ ነው።»

ምርመራው ቦታ ሲደርሱ ከፊታቸው አምስት መኪና ተሰልፏል። መርማሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴትዮ ናት። ተራቸው ሲደርስ ፍሬቻ ከኋላዋ ከኋላዋ ተከተለቻት።

«መብራቱ ላይ ምንም አያገኙም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።»

መርማሪዋ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች።

«ጭሱንም ቢሆን ሕፃን አጠገቡ ቢተኛ አያስነጥሰውም።»

ሌላ ምልክት። ጡሩንባው ሲነፋ፣ ከኋላ የተሰለፈው የሚኒባስ ሹፌር ከእንቅልፉ ባንኖ ሞተሩን አስነሳ። ፍሬቻ ሳቋን አፍና «ይኼም አለፈ» አለች።

ቀጥሎ የፍሬን ምርመራ ሆነ። የፊት ጎማዎቹ መሬት ውስጥ በሚሽከረከሩት ሲሊንደሮች ላይ ቆሙ። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የእያንዳንዱን ጎማ አያያዝ የሚያሳዩ ሁለት ትልልቅ መርፌዎች ግድግዳው ላይ አሉ። አባቷ ረገጠ። የግራው መርፌ ሽቅብ ተወነጨፈ። የቀኙ ትንሽ ከፍ አለና፣ ምሳ እንደበላ ሰው እዚያው ጋደም አለ።

«እንደገና» አለች መርማሪዋ።

እንደገና ተረገጠ። የቀኙ ንቅንቅ አላለም።

«ወድቃለች። የቀኝ የፊት ፍሬን አይዝም። እስከ አሥር ሰዓት ተሠርታ ከቀረበች ዛሬውኑ አያታለሁ። ከዚያ ካለፈ አዲስ ተራ ትይዛላችሁ፤ ሁለት ሳምንት ነው።»

መኪናዋን ገፍተው ግቢው ጥግ ዛፍ ሥር አቆሟት። አባቷ ጀርባው ጎብጦ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

«ካቻቢቴ፣ የፍሬኑን ሸራ ባለፈው ወር አይደል የቀየርክልኝ? ... መርማሪዋ አይዝም እያለች ነው። ... እኔ እኮ አንተን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማምንህ። ... አልተቆጣሁም።»

አባቷ አልተቆጣሁም ካለ ተቆጥቷል ማለት ነው።

ፍሬቻ የቀኙ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለች። በቸርኬው ቀዳዳ በኩል የፍሬኑ ዲስክ እንደ መስታወት ያበራል። ዞራ የግራውን አየች፤ ደብዝዟል።

ትናንት መኪናዋን ካጠበቻት በኋላ ሁለቱም ዲስኮች ላይ ስስ ዝገት አይታ ነበር። በልብስ ሰፊ ቤት ዝገት ከታየ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቷ «ብረት ዘይት ካላገኘ ይቀየማል» እያለ ነው ያሳደጋት። የስፌት ማሽኑን ዘይት አመጣች፣ ጨርቅ ነከረች፣ ጣቷ በደረሰበት ሁሉ ዲስኩን አሸችው። ወደ ግራው ልትሄድ ስትል ዘይቱ አለቀ። በቃ፣ በግራ በኩል ማን ያያል ብላ ተወችው።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ካቻቢቴ መጥቶ ሸራ ይቀይራል፣ ጥፋቱንም አብሮ ይሸከማል። ከተናገረች ግን የጋራዡ ነገር ያከትማል። ፍሬን የሚቀባ ተማሪ ማን ይቀበላል?

«እንግዲያው ሌላ መካኒክ እፈልጋለሁ» አለ አባቷ ስልኩ ውስጥ፣ በቀስታ።

ፍሬቻ ተነሳች። «አባዬ፣ ስልኩን ስጠኝ።»

«ቆይ አንቺ።»

«ስጠኝ ስልህ።» ከእጁ ወሰደችው። «ጋሽ ካቻቢቴ፣ እኔ ነኝ። ዲስኩን ዘይት ቀብቼዋለሁ።»

«ምን ዘይት?» አለ ካቻቢቴ።

«የስፌት ማሽን።»

«ለምን?»

«ዝጎ ነበራ።»

ከስልኩ አልነሳ ያለ ሞተር የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ሳቅ ነበር። «የሰፊ ልጅ። ፍሬን እኮ ተፋትጎ ነው የሚይዘው፤ አንቺ ሸርተቴ ሠራሽለት። መኪናዋን ንክች እንዳታደርጉ፣ መጣሁ።»

ስልኩን ስትመልስ አባቷ አፍጥጦ ያያታል። ቁጣውን ጠበቀች።

«ብረት ዘይት ይፈልጋል ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ግን ፍሬን አላልኩም።»

«ብረት ነው ያልከው።»

አባቷ ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችና ደነገጠች፤ ደግነቱ እሱም እየሳቀ ነው።

ካቻቢቴ በሞተር ብስክሌት ከነሣጥኑ ደረሰ። ገና ከሞተሩ ሳይወርድ አባቷ ሄዶ እጁን ያዘው። «ይቅር በለኝ። አፌ ቀደመኝ።»

«ሱሪዬን ታሳጥርልኛለህ» አለ ካቻቢቴ። «ሁለቱንም እግር እኩል አድርገህ። የአንተ ቤት ሰዎች ግራና ቀኝ ላይ ችግር አለባችሁ።» ከዚያ ሣጥኑን ፍሬቻ እግር ሥር አስቀምጦ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «በይ እንግዲህ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ዘይቱን የቀባሁት እኔ ነኝ?»

ክሪኩን አስገባች፤ መኪናዋን ከማንሳቷ በፊት ግን ብሎኖቹን ማላላት ነበረባት። ብሎኑ አልላላ ሲል ቁልፉ ላይ ቆማ ዘለለችበት፤ ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች ተሰብስበው «አይዞሽ» ይሏታል። የሚኒባሱ ሹፌር ጡሩንባው ስላስነሳው ኩርፊያ ይዞ ነበር የመጣው፤ አሁን ግን የወለቁትን ብሎኖች ኮፍያው ውስጥ ያስቀምጥላታል። ካቻቢቴ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ በአገጩ ያሳያታል። «ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣላል፤ አያሳዝንሽ። አዲሱን በሁለቱም ጎን አስገቢ። ዲስኩን በማጠቢያው ፈሳሽ አጽጂ። ሌላ ጨርቅ። እሱም ቆሸሸ፤ ሌላ።»

አፍንጫዋ ሳይቀር ጠቆረ። ጎማዎቹ ሲገጠሙ ካቻቢቴ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን ብሎን በራሱ እጅ ሞከረ፤ አንዱም አልተነቃነቀም። አባቷ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየነዳ፣ ደጋግሞ እየረገጠ አዲሱን ፍሬን አሟሸው። በመጨረሻው ዙር መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሹፌሮቹ አጨበጨቡ።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሲሊንደሮቹ ላይ ወጡ። አባቷ ረገጠ። ሁለቱ መርፌዎች እንደ ተያያዙ መንትዮች እኩል ተነሡ። መርማሪዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፣ አየች፣ መልሳ ሰቀለችው።

«አልፋለች።»

አባቷ ካቻቢቴን አቅፎ ከመሬት አነሳው። ጀርባው ቀጥ ብሏል።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት ጋራዥ እንገናኝ» አለ ካቻቢቴ ለፍሬቻ፣ የወደቀውን የብሎን መፍቻ ከመሬት አንሥቶ ጆሮው ላይ እየሰካ። «ካረፈድሽ እዘጋብሻለሁ።»

መርማሪዋ አንድ ቅጽ አወጣች። በድጋሚ የቀረበ መኪና ብልሽቱ ከምን እንደመጣ፣ ሸራውን የገጠመው ጋራዥም የትኛው እንደሆነ መጻፍ አለበት። ካቻቢቴ ሳያንገራግር የጋራዡን ስም ሞላ። አባቷ ብዕሩን ተቀብሎ «ሸራው» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ ፍሬቻ ብዕሩን ከጣቶቹ መሃል ሳብ አደረገችው። ጎንበስ ብላ በትልልቁ ጻፈች፦ «ሸራው ደህና ነበር። ዲስኩን ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ።» ከሥሩ ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመች።

መርማሪዋ ቅጹን አንሥታ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ፍሬቻን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻት።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ አራት» አለች ፍሬቻ፣ ደረቷን ነፍታ። «በዚህ ዕድሜዋ ፍሬን ፈትታ የገጠመች ሴት ግን እዚህ ግቢ ገብታ የምታውቅ አይመስለኝም።»

መርማሪዋ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ወደ ብርሃን አነሣችው። ጠርዙ ላይ አምስት ጥቁር የጣት አሻራ ተደርድሯል።

«ሌላ ቅጽ ልስጥሽ። መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ።»